ዓይን አይቶ እጅ ሲስት

ይህን መጽሔት ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሱ ምን እንዳደረጉ ያስታውሳሉ? አያስታውሱም፤ የሚያስታውሱበት ምክንያትም የለም። ዓይንዎ አየ፣ እጅዎ ሄደ፣ አነሳ። በዚያች አጭር ቅጽበት ግን አንጎልዎ መጽሔቱ ከእርስዎ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ፣ እጅዎ አሁን የት እንዳለ፣ ጣቶችዎ ምን ያህል መከፈት እንዳለባቸው አስልቶ ጨርሷል። አጠገቡ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ሳይደፉ ያለፉትም በዚሁ ስሌት ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ስሌት አንድ ቀን ተበላሸ እንበል። ዓይንዎ ጤነኛ ነው። ክንድዎም ጤነኛ ነው፤ አይንቀጠቀጥም፣ አልዛለም። ሲኒው ከፊትዎ እንዳለ ያያሉ፣ ሲኒ መሆኑንም ያውቃሉ። እጅዎን ሲሰዱ ግን ከሲኒው አንድ ስንዝር ወዲህ ያርፋል፤ ወይም አልፎት ይሄድና ረከቦቱን ይመታል። ደግመው ይሞክራሉ፣ አሁንም ይስታሉ። በመጨረሻ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ጠረጴዛውን እየዳበሱ ያገኙታል። ክፍሉ ግን ብርሃን ነው፤ ሁሉም ሰው እያየዎት ነው።

ሐኪሞች ይህን ችግር ኦፕቲክ አታክሲያ ይሉታል። ብቻውን የሚከሰትበት ጊዜ አለ። ከሌሎች ሁለት የእይታ ችግሮች ጋር ሲጣመር ደግሞ ሦስቱ በአንድነት ባሊንት ሲንድረም ይባላሉ። ብርቅ ሕመም ነው። ይህን ያህል ገጽ የሰጠነውም ብርቅ በመሆኑ ነው፤ ሰው የማያውቀውን ሕመም በራሱ ስም ስለማይጠራው ሌላ ስም ያወጣለታል። ዝርክርክ ይለዋል። ግዴለሽ፣ ኩሩ፣ ወይም "ጃጅታለች" ይላል። አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል፣ ብዙው ደግሞ መነጽር ቀይሩላት ይላል። በአማርኛ "አይቶ እንዳላየ" የምንለው አነጋገር ወቀሳ ነው፤ ሆን ብሎ ለሚያልፍ ሰው የተቀመጠ። ሆን ሳይሉ አይተው እንዳላዩ የሚሆኑ ሰዎች መኖራቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የቡዳፔስቱ ታካሚ

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ከሃንጋሪያዊው ሐኪም ሬዦ ባሊንት ነው። ባሊንት በቡዳፔስት አንድን ታካሚ ለዓመታት ከተከታተለና ከሞተ በኋላም አንጎሉን ከመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ያየውን ጽፎ አሳተመ። ሰውየው ዕውር አልነበረም። ዕቃ ሲያሳዩት ስሙን ይናገራል፣ ቀለም ይለያል። ግን ሥጋ ሲቆርጥ በግራ እጁ በሹካ የያዘውን ሥጋ በቀኝ እጁ ቢላዋ ከሰሃኑ ውጪ ይፈልገዋል። ሲጋራ ሲለኩስ እሳቱን የሚያስጠጋው ጫፉ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ ነው።

ባሊንት ያደረገው ምርመራ መሣሪያ የማያስፈልገው ስለሆነ ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ሊከተሉት ይችላሉ። ቀኝ እጁ ያየውን ነገር ይስታል፤ ግራ እጁ ግን ያንኑ ነገር በትክክል ይይዛል። እንግዲህ ችግሩ ማየት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እጆች በሳቱ ነበር። ታዲያ ቀኝ እጁ ሽባ ይሆን? አይደለም፤ የገዛ አካሉን እንዲነካ ሲጠየቅ ቀኝ እጁ ሳይስት ይነካል። ስለዚህ ዓይኑም ደህና ነው፣ እጁም ደህና ነው፤ የተበላሸው በሁለቱ መካከል ያለው መልእክት ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲታይ ጉዳቱ የተገኘው በሁለቱም የአንጎል ጎኖች፣ ወደ ኋላና ወደ ላይ ባለው ፓራይታል በሚባለው ክፍል ላይ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጎርደን ሆምስ የተባለው ሐኪም ጥይት በዚሁ አካባቢ የመታቸው ወታደሮች ተመሳሳይ ችግር እንደሚያሳዩ ጻፈ።

የገዛ አካሉን አለመሳቱን ልብ ይበሉ። ስለ ቤትዎ አደራጅ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ብቻ የሚታይባት ዓለም

የእጁ መሳት ለሌላ ሰው ጎልቶ የሚታየው ክፍል ነው። ለታማሚው ግን ብዙ ጊዜ የባሰው ሁለተኛው ችግር ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ ማየት አለመቻል። ሐኪሙ ማንኪያና ማበጠሪያ አንድ ላይ ይዞ "ምን ይታይዎታል?" ቢል፣ "ማንኪያ" ይላሉ። ሌላስ? ምንም። ትንሽ ቆይቶ "አሁን ማበጠሪያ ነው" ይላሉ፤ ማንኪያው ጠፍቷል። ማንኪያው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን ወደ ሳሎንዎ ያምጡት። ሶፋው ላይ ያለች አንዲት ትራስ ትታያለች፣ ሶፋው ግን አይታይም። የልጅ ልጅ ፊት ላይ ያለው ፈገግታ ይታያል፣ ልጁ የያዘው ስጦታ አይታይም። የሠርግ ፎቶ ሲሰጧቸው አንድ አበባ አይተው "ደስ ይላል" ብለው ይመልሱታል፤ እርስዎም ሙሽራዋን ያልጠቀሱት ቅር ብሏቸው ይመስልዎታል።

በአሜሪካ ተመራማሪዎች አር.ኤም. በሚል ምሕጻር ብቻ የሚያውቁት፣ በሁለት ስትሮክ ምክንያት ይህ ሕመም የያዘው ሰው ነበር። አን ትሪዝማንና ባልደረቦቿ ሁለት ባለቀለም ፊደላት ሲያሳዩት፣ ለብዙ ሴኮንዶች እያየ እንኳ የአንደኛውን ቀለም ለሌላኛው ይሰጥ ነበር። ቀይ የነበረው ሰማያዊ ሆነ፣ ሰማያዊውም ቀይ። ለካ ቀለምና ቅርጽ በአንጎላችን ውስጥ ለየብቻ የሚመጡ ናቸው፤ አንድ ዕቃ ላይ የሚያገናኛቸው "የት ነው ያለው?" የሚለው ዕውቀት ነው። ቦታ ሲጠፋ ዕቃው ራሱ ይበታተናል።

ሦስተኛው፣ ዓይንን ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ለማዞር መቸገር ነው። ዓይን ያረፈበት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ለቅቆ ሲሄድ ደግሞ የት እንዳረፈ አይታወቅም። ሰው እያነጋገራቸው ከትከሻው በላይ ግድግዳውን የሚያዩ ከሆነ፣ ንቀት አይደለም።

ቀስ ብሎ ሲገባ

ከየት ይመጣል? የሁለቱን የአንጎል ጎኖች ኋለኛ ክፍል የሚጎዳ ማንኛውም ነገር ሊያመጣው ይችላል። ስትሮክ አንዱ ነው። ልብ ቆሞ በሕክምና ሲመለስ፣ ወይም የደም ግፊት ክፉኛ ሲወርድ፣ ደም የሚያጥራቸው የአንጎል ክፍሎች ውስጥ ይህ አካባቢ ይገኝበታል። የጭንቅላት አደጋም አለ። በእርግዝና ጊዜ በሚከሰት ከፍተኛ የደም ግፊትና የሚጥል ሕመም ምክንያት የአንጎል ኋለኛ ክፍል ሊያብጥ ይችላል፤ በፍጥነት ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ኃይለኛ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ብዥ ካለ "ድካም ነው" ተብሎ የሚያድር ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

እነዚህ ሁሉ ቢያንስ ያስደነግጣሉ፣ ያስሮጣሉ። ቤተሰብን ለዓመታት የሚያደናግረው ግን ቀስ ብሎ የሚገባው ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ፍራንክ ቤንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 የገለጹት፣ ፖስቴሪየር ኮርቲካል አትሮፊ የሚባለው ሕመም የአንጎልን ኋለኛ ክፍል ከቀን ወደ ቀን ያሟሽሻል። ብዙውን ጊዜ ከበስተጀርባው ያለው አልዛይመር ነው። ነገር ግን እኛ ከምናውቀው አልዛይመር በተቃራኒ መጀመሪያ የሚወስደው ትዝታን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ50 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ማለትም ሰው ገና በሥራ ላይ እያለ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። እናትዎ ጋዜጣ ሲያነቡ መስመሩ ይጠፋባቸዋል። መኪና ሲያቆሙ አንዱን ጎን ይፍቃሉ፤ ባለፈው ወርም ፍቀው ነበር። ደረጃ ሲወርዱ መጨረሻዋን እርከን ይስታሉ። ከፊታቸው ያለውን የጨው ዕቃ "የት አስቀመጣችሁት?" ይላሉ። ሹራብ ሲለብሱ እጅጌው የት እንደሆነ ይጠፋቸዋል። እርስዎም "እማዬ፣ ያውልሽ እኮ፣ ፊትሽ ላይ!" ይላሉ። የትናንት ወሬ፣ የአሥር ዓመት በፊት ዕዳ፣ የሁሉም ዘመድ ልደት ግን አንድም አልጠፋቸውም። ታዲያ ማን አንጎልን ይጠረጥራል? መነጽር ቤት ይሄዳሉ። አዲስ መነጽር ይሠራል፤ አልተሻለም። ሌላ መነጽር ቤት ይሄዳሉ። መሳቢያው ውስጥ ሦስት አራት መነጽር ይከማቻል። ሳያስፈልጋቸው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውም አሉ።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር ልጨምር። ጽሑፉን አጉልተን ብናትምላቸው ይቀላቸዋል ብለን እናስባለን። ከእነዚህ ታማሚዎች አንዳንዶቹ ግን ትልቁን ፊደል ትተው ትንሹን ያነባሉ፤ ምክንያቱም ትልቁ ፊደል በአንድ እይታ አይጠቃለልላቸውም። ደጅ ያለውን ትልቅ ማስታወቂያ ያላነበበ ሰው በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ቢያነብ "ታስመስያለሽ" እንዳይሏት።

ከታዋቂዎች ይህ ሕመም የያዘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት ነበር። በመጀመሪያ ትንሽ ስትሮክ ነው ተብሎ ተገምቶ፣ በኋላ እውነተኛው ሲታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 በ59 ዓመቱ ሕመሙን ለአንባቢዎቹ በይፋ አሳወቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሚሊዮን ዶላር ለአልዛይመር ምርምር ለገሰ። ልብ ወለድ የሚፈጥረው አእምሮው እንዳለ ነበር፤ እምቢ ያለው የጽሕፈት መሣሪያው ቁልፎች ላይ የሚሄደው እጁና የሚከተለው ዓይኑ ነው። ስለዚህ መጻሕፍቱን በቃሉ እየተናገረ ለረዳቱና ለኮምፒዩተር ያስጽፍ ነበር። እንዲህ እያደረገ ለዓመታት መሥራቱን ቀጠለ፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ነው፤ የመጨረሻው ልብ ወለዱ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

ሁለት መንገድ፣ አንድ የከሰል ምድጃ

ሳይንቲስቶች የዓይን መልእክት አንጎል ውስጥ በሁለት ዋና ዋና መንገዶች እንደሚጓዝ ያስረዳሉ። የታችኛው መንገድ "ይህ ምንድን ነው?" ለሚለው፣ የላይኛው ደግሞ "የት ነው? እንዴትስ ልያዘው?" ለሚለው መልስ ይሰጣል። ባሊንት ሲንድረም የላይኛው መንገድ ሕመም ነው።

ይህንን በግልጽ ያሳየችው ግን ተቃራኒው የደረሰባት ሴት ናት። በምርምር ጽሑፎች ዲ.ኤፍ. ተብላ የምትጠራው ስኮትላንዳዊት እ.ኤ.አ. በ1988 ገላዋን እየታጠበች ሳለ፣ ከተበላሸ የውኃ ማሞቂያ የወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አንጎሏን ጎዳው። ተረፈች፤ ዕቃን በቅርጹ መለየት ግን አቃታት። ሜልቪን ጉዴልና ዴቪድ ሚልነር በሰሌዳ ላይ ያለ ቀዳዳ አሳይተው "ቆሟል ወይስ ተጋድሟል?" ሲሏት አታውቅም። "ይህን ካርድ አስገቢበት" ሲሏት ግን እጇ ካርዱን በትክክለኛው አቅጣጫ አዙሮ ያስገባል። እሷ ያላወቀችውን እጇ ያውቅ ነበር። የእናትዎ ነገር ግልባጩ ነው፤ እሳቸው ያውቃሉ፣ እጃቸው አያውቅም።

የዲ.ኤፍን ነገር ያነሣሁት ለሌላም ምክንያት ነው። ያ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚወጣው ነዳጅ፣ እንጨትም ሆነ ከሰል በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ነው። በክረምት ቡና ከተፈላበት በኋላ ፍሙ ያለበትን ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚያድር ቤት ዛሬም አለ። ስለዚህ አደጋ ስናወራ የምናወራው ስለሞቱት ነው። የተረፉት ሁሉ ግን እንደነበሩ አይመለሱም፤ ጉዳቱ ትዝታን፣ እንቅስቃሴን ወይም እይታን ይዞ ሊቀር ይችላል። ምድጃው ደጅ ይደር።

ቤቱን ማስተካከል

በሽታውን የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ስትሮክ ወይም አደጋ ያመጣው ከሆነ በወራት ውስጥ በተወሰነ ደረጃ ሊሻሻል ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚገባው ግን እየባሰ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ በእርስዎ እጅ ያለው ትልቁ ነገር ቤቱ ነው።

ለዚህ ፒያኒስቷን ሊሊያን ካሊርን የሚያህል አስተማሪ አላገኘሁም። ኦሊቨር ሳክስ የተባለው ሐኪምና ጸሐፊ ታሪኳን ጽፎታል። ሕመሙ መጀመሪያ የነጠቃት የሙዚቃ ኖታ ማንበብን ነበር፤ በቃሏ የምታውቃቸውን ሥራዎች ግን መጫወቷን ቀጠለች። ሳክስ ቤቷ ሲሄድ ኩሽናዋ ውስጥ ያየው የራሷን ሥርዓት ነው። ዕቃው ሁሉ በቀለሙ፣ በመጠኑና በቦታው ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። ዕቃውን አይታ ምንነቱን ባትለይ እንኳ፣ ቀለሙና ያለበት ቦታ ይነግሯታል። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን ሌላ ሰው እስካላዘዋወረው ድረስ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሠራተኛ ካለችም ይህንን መጀመሪያ የሚነግሩት ለእርሷ ይሁን፤ ጽዳት ስትጨርስ ስኳሩ ወደነበረበት መመለሱ ከወለሉ መጥራት ይበልጣል።

ከዚያ ጠረጴዛው ነው። እኛ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ፣ ጌጠኛ ሰሃን፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ዳንቴል እንወዳለን። ለዚህ ሰው ግን አበባው ሁሉ ዕቃ ነው። ያንሱት። ጠረጴዛው አንድ ወጥ ቀለም ይኑረው፤ ሰሃኑ ከጠረጴዛው ተለይቶ የሚታይ ደማቅ ቀለም ይሁን። ነጭ ሲኒ በነጭ ረከቦት ላይ፣ ያውም ከስድስት ሌሎች ሲኒዎች ጋር፣ ለእሳቸው የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቀይ ወይም ሰማያዊ ኩባያ የእሳቸው ይሁን፤ እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ፣ ጆሮ ያለው ይሁን፣ ጠረጴዛው ላይም ብቻውን ይቀመጥ።

የባሊንት ታካሚ የገዛ አካሉን አይስትም ብለን ነበር። እዚህ ላይ ይጠቅመናል። "ያውልዎ፣ ከጎንዎ፣ ትንሽ ወደ ግራ" ማለት ብዙ አይረዳም፤ የጠፋው ግራና ጎን የሚባለው ነገር ነውና። ኩባያውን በእጃቸው ያስይዟቸው። ወይም አንድ እጃቸው ሰሃኑን እንደያዘ ሌላው እጅ በእርሱ በኩል ይምጣ። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጀምሮ እጅን ሳያነሱ እያንሸራተቱ ወደ ኩባያው መድረስ ይለመዳል። ዓይን ያጣውን ቦታ ንክኪ ያገኘዋል።

እንጀራ በዚህ ረገድ ከሹካና ቢላዋ ይሻላል ብል እያዳላሁ አይመስለኝም። ሹካ በእጅና በምግብ መካከል የገባ ርቀት ነው፤ እንጀራ ላይ ግን ጣት ራሱ ይደርሳል፣ ይዳስሳል፣ ይጠቀልላል። ችግሩ ትሪው ላይ ነው። ስምንት ዓይነት ወጥ የተደረደረበት ትሪ አንድ ነገር ብቻ ለሚታየው ሰው ትርምስ ነው። በእሳቸው ፊት አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ ያድርጉ፤ ሲያልቅ ሌላውን ይጨምሩ። ጉርሻም አለልን። ትልቅ ሰውን እንደ ሕፃን በማንኪያ ማብላት ያሳፍረዋል፤ ጉርሻ ግን ማንንም አሳፍሮ አያውቅም።

ደረጃ ሌላው ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። የእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ ላይ ደማቅ ቢጫ ፕላስተር ቢለጠፍ፣ በተለይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ ብዙ መውደቅን ያስቀራል። እጃቸው ከመደገፊያው ብረት አይለይ። ወለል ላይ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ ሊመስላቸው ይችላል፤ በላዩ ሊራመዱ እምቢ ቢሉ አይግፏቸው፣ ምንጣፉን ያንሱት።

ለማንበብ፣ ከወፍራም ወረቀት ላይ አንድ መስመር የሚያሳይ ቀዳዳ ቆርጠው ገጹ ላይ ማንሸራተት የሚረዳቸው አሉ። ሲከብድ ወደ ጆሮ መዞር ነው፤ ሬዲዮ፣ በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ፣ ወይም ማታ ማታ የልጅ ልጅ እያነበበ።

መኪና ግን ያበቃል። ይህን የምጽፈው ስንት ቤት ጠብ እንደሚያስነሣ እያወቅሁ ነው። መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃንና የቆመ ታክሲ አብረው የማይታዩት ሰው መሪ ሊይዝ አይገባም። ቁልፉን መደበቅ ሳይሆን ሐኪሙ ፊት ለፊት እንዲነግራቸው ማድረግ ይሻላል፤ ከልጅ የማይሰሙትን ከነጭ ጋውን ይሰማሉ። ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ለብቻ መቀቀል ይቁም፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ቡና መልቀም ግን የእጅ ሥራ ስለሆነ ይቀጥል። አእምሯቸው ንቁ ነው። እየደረሰባቸው ያለውን ያውቁታል፤ ብዙዎቹ የሚያዝኑትና ከሰው የሚሸሹትም ስለዚህ ነው። ከቡና ሥነ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ከሕመሙ በላይ ይጎዳቸዋል።

ልጆችም አሉ። ሲወለዱ የታፈኑ ወይም በተወለዱ ቀናት ውስጥ የደም ስኳራቸው ክፉኛ የወረደ ሕፃናት በዚሁ የአንጎል አካባቢ ሊጎዱ ይችላሉ። ሲያድጉ የዓይን ምርመራቸው ጥሩ ሆኖ፣ አሻንጉሊት በሞላበት ሳጥን ውስጥ የሚወዱትን ማግኘት ያቅታቸዋል፤ ኳስ ሲመቱ ይስታሉ፤ ግርግር ያለበት ገበያ ውስጥ ያለቅሳሉ። ከሰሌዳ መገልበጥ የማይችል ተማሪ ሁሉ ይህ አለበት ማለት አይደለም። ሲወለድ ችግር የነበረበት ልጅ ከሆነ ግን "ሰነፍ" ከመባሉ በፊት ለሕፃናት ሐኪሙ ይነገር።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ

መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ጋ መሄድ ትክክል ነው፤ የዓይን ችግር ከሁሉም ይልቅ የተለመደ ነውና። ምርመራው ጤነኛ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ግን የሚቀጥለው ሌላ መነጽር ሳይሆን የነርቭ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ላይ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ በአንዳንድ የግል ሆስፒታሎች የነርቭ ሐኪሞች አሉ። "ዓይኗ ደከመ" ብለው አይጀምሩ፤ ያ ወደ ሰሌዳው ፊደል ይመልስዎታል። ያዩትን ይናገሩ፦ እጇ ሲኒውን ይስታል፣ ሲዳብሱት ግን ያገኙታል፤ ሁለት ዕቃ ስናሳያቸው አንዱን ብቻ ያያሉ፤ ይህ የጀመረው በዚህ ወር ነው፤ በአንድ ቀን መጣ ወይም ቀስ ብሎ መጣ። ከቻሉ ሲኒ ሊያነሱ ሲሞክሩ በስልክዎ ቀርጸው ያሳዩት። ሐኪሙ ዓይኑን እያዩ በጎን በኩል የያዘውን እስክሪብቶ እንዲይዙ ይጠይቃቸው ይሆናል፤ ብዙ ነገር ያለበት ሥዕል አሳይቶ ታሪኩን እንዲነግሩት ይጠይቃል፤ ኤምአርአይም ያዝዝ ይሆናል። በድንገት የጀመረ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ስትሮክ ነው ብለው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ።

የቀሩት ጎረቤትና ዘመድ ናቸው። ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ ይስታሉ፤ ዘመድም "ጨበጥኳት፣ አልጨበጠችኝም" ብሎ ተቀይሞ ይሄዳል። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ "እጃቸው ይስታል፣ እርስዎ እጃቸውን ይያዙ፣ ስምዎንም ይንገሯቸው።" ይህን እሳቸውም እየሰሙ፣ ደግሞም ፈቅደው፣ ይናገሩት። ሳይጨባበጡ መሳም ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።